የሃምሳው ጾመኛ

አፉ ሞልቶ ሳለ የሚወዳት ሴት ድንገት ብቅ ብትል ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት የሚያስተምር ትምህርት ቤት የለም። መምህር ፊሊጶስም አልተማረውም። ሐሙስ ቀትር ላይ መገናኛ፣ ከታክሲው ሰልፍ ጎን ቆሞ፣ እንቁላልና ቃሪያ የተጠቀጠቀበትን ዳቦ በሁለት እጁ ይዞ ሲገምጥ፣ መንገዱ ተዘግቶ ኖሮ የአንድ ባንክ የሠራተኞች ሰርቪስ ፊቱ መጥቶ ቆመ። ቀና ሲል መስኮቱ ላይ ሥርጉት ነበረች።

ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። መጀመሪያ ፈገግ አለች፤ ፊቱን ባየች ቁጥር ሳታስበው የሚመጣባት ፈገግታ ነው። ቀጥሎ ዓይኗ ወደ እጁ ወረደና ከዳቦው ጫፍ የተንጠለጠለውን እንቁላል አየች። ፈገግታዋ ከፊቷ ላይ ቀስ እያለ ጠፋ። ፊሊጶስ ሰላም ልበላት ብሎ እጁን ሲያነሳ እንቁላሉ ጫማው ላይ ዱብ አለ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ፤ የመገናኛ መሬት ግን አስፋልት ነው፣ ለማንም አይሰነጠቅም። ሰርቪሱ ተንቀሳቀሰ፤ እሷም ፊቷን አዞረች።

መንገድ ላይ እንቁላል በዳቦ መብላት በማንም አገር ወንጀል ሆኖ አያውቅም። ችግሩ ፊሊጶስ ለዚችው ልጅ ጾመኛ ነኝ ማለቱ ነው። ያም ለእሷ ብቻ ቢቀር ደግ፤ ወሬው እናቷ ዘንድ ደርሷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፊሊጶስ ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ የመጣ የኬሚስትሪ መምህር ነው። ኮተቤ ለሥልጠና መጣሁ ይበል እንጂ፣ ስሙን ሮጦ ያስመዘገበው ስለ ኬሚስትሪ ፍቅር አልነበረም። አምና ክረምት ሥርጉት የባንክ ቅርንጫፍ ልትከፍት መሐል ሜዳ ከርማለች። ያረፈችበት ቤት ምግብ አልስማማት ሲል ፊሊጶስ እናቱ ቤት ወሰዳት፤ ከዚያ ወዲያ ክረምቱን ሙሉ የእናቱ ትሪ ላይ በላች። ውጭ ብርዱ ሲያፏጭ እነሱ የገብስ ቂንጬ ከበው ሲሳሳቁ፣ በትሪው ዙሪያ የተጀመረው መተያየት ከትሪው በኋላም አላቆም አለ። ፍቅር ሆነ።

አሁን ደግሞ ተራው የእሱ ሆነና እሱ ከተማ መጣ። አባቷ አቶ ሣህሌ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ናቸው፤ መሪ አካባቢ በሩ ከፊሊጶስ ትምህርት ቤት በር የሚሰፋ ግቢ አላቸው። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ልጁን እንየው ተብሎ ለእሑድ ምሳ ተጠርቷል። ያ ምሳ ከተሳካ ሽማግሌ ይላካል፤ ካልተሳካ ጎሕ ሲቀድ ከላምበረት መናኸሪያ የሚነሳ አውቶቡስ ሞልቷል።

እስከዚያው ግን መብላት አለ። የሥልጠና አበሉን መሐል ሜዳ ሆኖ ሲያስበው ጥሩ ገንዘብ መስሎት ነበር፤ መገናኛ ላይ ግን እጅ ላይ እንደ ወደቀ በረዶ ሆነበት። ካራ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖረው የአጎቱ ልጅ ተክለጻድቅ ፍራሽ አነጠፈለትና በዚያው ማታ ትምህርቱን ጀመረለት።

«ስማ መምህር» አለው፣ «ዋጋው ግድግዳ ላይ ካልተለጠፈ ቤት አትግባ። ሜኑው ቆዳ ከለበሰ ቁጭ ሳትል ውጣ። ሳህኑ አራት ማዕዘን ከሆነ ደግሞ ሩጥ! የቀበሌ መዝናኛ ፈልግ፤ ከሰባት ሰዓት በኋላ ግን ሽሮው ያልቃል። መንገድ ላይ እንቁላል በዳቦ፣ ማታ እትዬ ሙሉጌጥ ቤት ግማሽ ሽሮ። ጠዋት የእናትህ በሶ አለ። አዲስ አበባ የሚራበው ሞኝ ብቻ ነው።»

ፊሊጶስ ሞኝ አልነበረም። የመጀመሪያውን ሳምንት በሶውን በፕላስቲክ ጠርሙስ እየበጠበጠ፣ ማታ ግማሽ ሽሮውን እየላሰ በሰላም አለፈ። የሳተው ነገር፣ ፍቅር የቀበሌ መዝናኛ እንደማይቀጥር ነው።

ረቡዕ ዕለት ሥርጉት ከአንድ የመገናኛ ሕንፃ አናት ላይ ቀጠረችው። አስተናጋጁ ሜኑ አመጣ፤ ቆዳ ለብሷል። ፊሊጶስ ገለጠው፤ ላብ ጆሮ ግንዱ ላይ ሲወርድ ተሰማው። በዚያ ቤት በአንድ ሳህን ሩዝ ዋጋ መሐል ሜዳ ላይ ዶሮ ከነጫጩቶቿ ትገዛለች። ቀና ሲል ሥርጉት በፍቅር እያየችው ነው። እከፍላለሁ እንዳይል ኪሱ አይፈቅድም፤ ክፈይልኝ እንዳይል መንዜ ነው።

«አንቺ ብይ» አላት። «እኔ… ዛሬ ረቡዕ አይደል? ጾም ነኝ።»

«የጾም ምግብም እኮ አለ፤ የጾም ፒዛ…»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም።»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት!» አለች፤ ዓይኖቿ በአድናቆት ሰፉ። እሱ ውኃ ሲጠጣ እሷ በላች። ፊሊጶስ ነገሩ ትዝ ያለው ደረጃውን ሲወርድ ነው፤ ግንባሩን በመዳፉ መታ። ፋሲካ ገና ማለፉ ነው! ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው ሃምሳ ቀን ረቡዕም ሆነ ዓርብ አይጾምም፤ ይህን የመንዝ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ርሃብና ድንጋጤ ሲገናኙ የዓመት ልማድ በአፉ አመለጠና በትንሣኤ ሰሞን ጾመኛ ሆኖ አረፈው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው።

ሥርጉትም ቀን የምትቆጥር ልጅ አልነበረችም፤ በእሷ ቤት ጾም ሲገባ ማዕዱ ይነግራታል፣ ሲወጣም እንዲሁ። ማታ ለእናቷ ለወይዘሮ የማርያምወርቅ «እማ፣ ጾመኛ እኮ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት!» ብላ በኩራት ነገረቻቸው። እናትየው የያዙትን ጭልፋ አስቀመጡ።

«በሃምሳው?» አሉ።

ከዚያች «በሃምሳው?» በኋላ እንቅልፍ ጠፋ። ወይዘሮዋ የነፍስ አባታቸው ዘንድ ሄደው ጠየቁ፤ ቄሱም በእነዚህ ቀናት ለማንም ጾም እንደማይሰጥ ነገሯቸው። ሥርጉት ሰኞ ዕለት ስትጠይቀው ፊሊጶስ እውነቱን መናገር አቅቶት «ስለት ነው» አላት። የምን ስለት ስትለው «አልነግርሽም» አለ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል እንዲሉ፣ ውሸቱ በሶው ከማለቁ በፊት ቀልሎ ሊበር ደርሷል። ሐሙስ ቀትር ላይ ደግሞ ያ እንቁላል ጫማው ላይ ወደቀ።

የዚያን ዕለት ከሰዓት ፊሊጶስ ሥልጠናው ውስጥ መቀመጥ አቃተው። ወጣ። ከኮተቤ እስከ ላምበረት በእግሩ ሄደ፤ ተመለሰ። ስልኩን ያወጣል፣ ይከታል። ደወለላት፤ አላነሳችም። በየምግብ ቤቱ በር ሲያልፍ ሰው ሁሉ ተጎራርሶ የሚስቅ መሰለው። እንደገና ላምበረት ሲደርስ፣ መሄዱን ወስኖ ሳይሆን እጁ ሥራ ስለፈለገ፣ ለቅዳሜ ወደ መሐል ሜዳ የሚመለስበትን ትኬት ቆረጠ። አመሻሹ ላይ መልእክት ገባለት። «እማ እሑድ አይምጣ ብላለች» ይላል። ከሥሩ ሌላ መጣ፤ «ነገ ከሰዓት ካራ እመጣለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅህና ትሄዳለህ።» ትሄዳለህ የምትለዋን ቃል ደጋግሞ አነበባት፤ ባነበባት ቁጥር ሆዱ ውስጥ ያለው ባዶነት የምግብ አልሆን አለው።

ዓርብ ከሰዓት ሥርጉት ከታክሲ ወረደች። ካራ ለመሪ ጎረቤት ሆኖ ሳለ ረግጣው አታውቅም። ዓይኖቿ አብጠዋል። ሰላም ሲላት ጉንጯን ሰጠችው፤ ጉንጯ ቀዘቀዘው። ሰው በማይሰማቸው ቦታ ይሁን ብላ ወደ ላይ አመለከተች፤ ከእርሻው ዳር ተነስቶ በባሕር ዛፉ መሐል ወደ እንጦጦ ሰንሰለት የሚወጣውን ቀጭን መንገድ ያዙ። ቅጠል የተሸከሙ አህዮች ከላይ ሲወርዱ ጥግ ይዘው ያሳልፏቸዋል፤ አህዮቹ ካለፉ በኋላም ተጠጋግተው መሄድ ይችሉ ነበር፤ ሁለቱም በየጥጋቸው ቀሩ።

ዳገቱ ላይ ሲደርሱ ዞረች። ከበስተኋላዋ መሪና ሲኤምሲ ከነኮንዶሚኒየማቸው ተዘርግተዋል፤ ከዚያ ሁሉ ጣራ አንዱ የአባቷ ነው።

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ» አለች። «ከእኔ ጋር መብላት ነው የሚቀፍህ?»

«ሥርጉት…»

«ከታክሲ ጭስ ጋር ትበላለህ። ከመንገደኛ ጋር ቆመህ ትበላለህ። ከእኔ ጋር ስትሆን ጾመኛ ነህ! ምን አድርጌህ ነው?»

«አንቺ ምንም አላደረግሽም።»

«እማ ምን እንዳለች ታውቃለህ? ወይ ሃይማኖቱን ደብቋል፣ ወይ አገሩ ላይ ሚስት አለችውና ስለቱ ስለሷ ነው፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ አለች። እኔ እኮ ስከራከርልህ ከረምኩ። የእሱን ቤት አውቀዋለሁ፣ እናቱን አውቃቸዋለሁ አልኳት። ትናንት ያንን እንቁላል ካየሁ በኋላ በምን አፌ ልከራከር?» ድምፅዋ ተሰበረ። «ስለቱ ለማን ነው?»

«ስለት የለም።»

«ጾሙስ?»

«ጾምም የለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው ያለው?»

ፊሊጶስ መሬቱን በጫማው ጫፍ ቆፈረ። እዚያ ጫማ ላይ የእንቁላሉ ምልክት አሁንም አለ። ኩራት ጉሮሮ ላይ ሲቆም ከአጥንት ይብሳል፤ ግን ካሁን በኋላ ቢውጠው እሷን ሊያጣ ነው፤ ይህን ያውቃል።

«የለኝም» አለ።

«ምኑ?»

«ገንዘቡ ነዋ! ያን ቀን ሜኑውን ስገልጥ የአንዱን ሳህን ዋጋ አየሁ። ያንን ብከፍል እስከ ሥልጠናው ማብቂያ በሶ ብቻ ነበር የሚቀረኝ። ጾም ነኝ ያልኩት አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ስለሆነ ነው። ሃምሳው መሆኑ ደረጃው ላይ ነው ትዝ ያለኝ።»

ሥርጉት አፏን ከፍታ አየችው። «እኔ እከፍል አልነበር?»

«ትከፍይ ነበር። የፈራሁትም እሱን ነው።» አሁን ድምፁ ከፍ አለ፤ ለራሱ የሚናገር ይመስላል። «ነገ ከነገ ወዲያ አባትሽ ፊት ቀርቤ ልጅዎን ይስጡኝ ልል ነው። በምን ታበላታለህ ቢሉኝስ? አንድ ምሳ ያልጋበዛት ሰው ምን ብሎ ይመልሳል? እሷው ነች የምታበላኝ ልበል?»

ነፋሱ ባሕር ዛፉን አንኮሻኮሸው። ሥርጉት ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ፊሊጶስ ዝምታዋን ንቀት አድርጎ ተረጎመውና ፊቱን አዞረ። ተሳስቶ ነበር፤ ሴት ልጅ ዝም የምትለው ስትንቅ ብቻ አይደለም፣ ስታለቅስም ነው።

«እናትህ ቤት ስንት ጊዜ በላሁ?» አለችው ከጀርባው።

«ማን ይቆጥራል?»

«አየህ! ማን ይቆጥራል። ክረምቱን ሙሉ ስጎርስ አንድ ቀን ሒሳብ ጠይቃችሁኝ አታውቁም። እማማ እየደጋገሙ ሲያጎርሱኝ በቃኝ እንኳ ማለት አቅቶኝ ሆዴን ይዤ ነበር የምስቀው። እኔስ ያን ጊዜ ጾም ነኝ ማለት ነበረብኝ?»

«አንቺ እንግዳ ነበርሽ።»

«አንተስ እዚህ ምንድን ነህ?»

ኬሚስትሪም ሆነ መንዝ ለዚህ መልስ አላዘጋጁለትም። ዞሮ ሲያያት እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል፤ የተናደደችው ስለ ውሸቱ ሳይሆን ያን ቀን ሳታውቅ አጠገቡ ጠግባ ስለበላች መሆኑን ያኔ ገባው።

«በርሃብህ ፊት ነው ፒዛ የበላሁት» አለች። «እንዴት እንዲህ ታደርገኛለህ?»

እጇን ያዘ። ከለከለችው፤ ቀጥላ ራሷ ያዘችው። እንደዚያ እንደተያያዙ ትንሽ ቆሙ፤ ከዚያ ሥርጉት አፍንጫዋን በመሐረብ ጠረገችና፣ ካለቀሰች በኋላ ሁልጊዜ እንደሚያደርጋት፣ «ራበኝ» አለች። «ከትናንት ወዲህ እህል አፌ አልገባም። የምትበላበት ውሰደኝ።»

«እዚያ አይመችሽም…»

«ፊሊጶስ!»

ወረዱ። እትዬ ሙሉጌጥ ቤት ቆርቆሮ ጣራ፣ ሁለት አግዳሚ ወንበርና ዋጋው በጠመኔ የተጻፈበት ግድግዳ ያላት ቤት ነች። ዓርብ ቢሆንም ሃምሳው ነውና የቅቤና የቁሌት ሽታ መንገድ ድረስ ይቀበላል። ሴትዮዋ ፊሊጶስን ሲያዩ ከጉልቻው ቀና አሉ።

«መምህር! ዛሬ ደግሞ ከሰው ጋር መጣህ? ዘመድህ ናት?» ሥርጉትን ከእግር እስከ ራስ አዩና ፈገግ አሉ። «እንዲህ ያለች ዘመድ ካለችህስ ለምን ብቻህን ትቆዝም ነበር! እንደ ልማድህ ግማሽ ሽሮ ላውጣ?»

ግማሽ የምትለዋ ቃል ሥርጉትን ወጋቻት፤ ፊሊጶስ በፊቷ ላይ አየው። ሊያፍር ሲል ግን ግድግዳውን አየ፤ ዋጋውን አየ፤ ከመጣ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻው ተፈታ።

«ሙሉ ያውጡልን፣ እትዬ» አለ። «ቅቤው ይጨመርበት። እንቁላል ፍርፍርም ይሁን፣ ለሁለት ሰው። ዛሬ ጋባዡ እኔ ነኝ።»

ሥርጉት ቦርሳዋን ወደ ጀርባዋ ገፋችና «እሺ ጋብዘኝ» አለች። እንደዚህ ያለ ውብ እሺ ፊሊጶስ ሰምቶ አያውቅም።

ትሪው መጣ። ሽሮው እየተንተከተከ ነው። እጃቸውን ታጥበው ገና አንዴ እንደ ጎረሱ የሥርጉት ስልክ ጮኸ። ስሙን አየችና ፊቷ ተለወጠ፤ እማ ይላል። ልታጠፋው ስትል ፊሊጶስ እጁን ዘረጋ።

«ስጪኝ።»

«ተው፣ እኔ ማታ ቀስ አድርጌ እነግራታለሁ…»

«ውሸቱን የተናገርኩት እኔ ነኝ።»

ሰጠችው፤ እንድትሰማም ድምፁን ከፍ አደረገችው። «የት ነሽ አንቺ ልጅ?» አሉ ወይዘሮ የማርያምወርቅ። «ከዚያ ልጅ ጋር ነሽ አይደል?»

«ፊሊጶስ ነኝ፣ እማማ። ጤና ይስጥልኝ።»

ሳይዘጉት ልቅደም ብሎ ቸኮለ።

«እማማ፣ በሃምሳው ጾም ነኝ ማለቴን ሰምተዋል። ሃይማኖቴን ደብቄ አይደለም፤ ሚስትም የለችኝም። ጾም አልነበርኩም። ርቦኝ ነበር። የምከፍለው ስላልነበረኝ አፍሬ ነው ጾም ነኝ ያልኩት። ለነገ ቅዳሜ የመመለሻ ትኬት ቆርጫለሁ፤ ቢያባርሩኝም እውነቱን ሰምተው ያባርሩኝ።»

እትዬ ሙሉጌጥ ማማሰያቸውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። ፊሊጶስ ሥርጉትን ማየት ፈርቶ ትሪው ላይ አፈጠጠ።

«ርቦህ ነበር?» አሉ ወይዘሮ የማርያምወርቅ በመጨረሻ። ድምፃቸው የሌላ ሰው ሆኗል።

«አዎ፣ እማማ።»

«እዚህ፣ ከቤቴ ደጃፍ?»

ፊሊጶስ የሚያዩት ይመስል አንገቱን ደፋ።

«የሰው ልጅ ርቦት እዚህ አጠገቤ ሲንከራተት እኔ ቄስ ዘንድ ሄጄ ስለ ሃይማኖቱ እጠይቅ ነበር እንዴ?» አሉ፤ የሚቆጡት እሱን ይሁን ራሳቸውን አልለየም። «እናትህ ልጄን ክረምቱን ሙሉ አብልታ መልሳልኛለች። ይህንን ብትሰማ ምን ትለኛለች? በምን ዓይኔ ነው የማያት? አስነወርከኝ፣ ልጄ! ለካስ ነውሩ የኔ ኖሯል።» አፍንጫቸውን ሲጠርጉ ተሰማ። «ቅዳሜ የሚባል መንገድ የለም። ትኬቱን መልሰው። እሑድ ትመጣለህ። ቁርስ ቀምሰህ እንዳትመጣ! ከእኔና ከሣህሌ ጋር ነው ማዕድ የምትቀርበው፤ የሚባለውም ነገር ከተበላ በኋላ ይባላል። ሰማህ?»

ፊሊጶስ መልስ ሊሰጥ አፉን ከፈተ። ሥርጉት በእንባዋ መሐል ስትጠቀልል የቆየችውን ትልቅ ጉርሻ፣ ሽሮውንም እንቁላሉንም ያዘለውን፣ ያን ጊዜ አፉ ውስጥ ከተተችለት። ጉንጩ ሞላ፤ ዓይኑም ሞላ።

«አንተ ልጅ፣ አትመልስም?» አሉ ወይዘሮ የማርያምወርቅ። «ምን ዘጋህ?»

ሥርጉት ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። «እየበላ ነው፣ እማ።»

«እንዲያ ነው?» አሉ እናትየው፤ ድምፃቸው ዝግ አለ። «በይ ተይው። ይብላ።»